የሐዘኑ ዓመትና የጃርቱ መጽሐፍ

ልጄ መጽሐፍ አታነብም። ማንበብ አቅቷት አይደለም፤ ከእኔም ከአባቷም ፈጥና ታነባለች። የስልኳን መልእክት ታነባለች፣ የቺፕስ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ታነባለች፣ አውቶቡሱ ውስጥ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ ታነባለች። መጽሐፍ እንድትከፍት ግን ብለምናትም፣ ብቆጣትም፣ አይስክሬም ብገዛላትም በጄ አላለችኝም። ገና አሥር ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ «ልጅ አይደለች እንዴ፣ ትመለስበታለች» ይለኛል። እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ፍቅሩ ከውስጧ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁና አጉል መጽናኛ አልፈልግም።

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ወላጆች እንሰበሰባለን። አስተማሪዋም ያንኑ ምክር ትደግማለች፤ ማታ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ፣ አብራችሁ አንብቡ፣ ለደስታ ይሁን። ከፊት የተቀመጡት እናቶች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዷም ስልኳ ላይ ትጽፈዋለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ምክሩ የማይረባ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ግን ደህና ምክር ነው። እኛም ሰምተነው ነበር፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረው ወላጅ ሁሉ ደግሞ አጥብቆ የሰማው የእኔ ባል ነበር።

እኔ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ ወደ አይሁዶች አገር ስመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዕብራይስጡን ተማሪ ቤት ጨበጥኩት። ባሌ የመጣው ብዙ ዘግይቶ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ ከጎንደር ገጠር ከእናቱ ጋር ነው። ለአዲስ መጤዎች በሚሰጠው ትምህርት ፊደሉን እንደ ምንም ለመደ፤ ወዲያው ኢንዱስትሪ ቀጠና ገብቶ አትክልት ማሸግ ጀመረ፣ ዛሬም እዚያው ነው። ዕብራይስጥ የሚያነበው ከፊደሉ ሥር አነባበቡን የሚያሳይ ነጥብ ሲደረግለት ብቻ ነው። እንደዚያ ተደርጎ የሚታተመው ደግሞ የጸሎት መጽሐፍና የልጆች ተረት ነው። ጋዜጣ አይደፍርም፤ ከባንክ የሚመጣ ወረቀት ሲያይ ገና ሳይገልጠው ለእኔ ያቀብለኛል።

ልጃችን አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ ለስብሰባው አብሮኝ ሄደ። የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ነው የመጣው፤ የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። አስተማሪዋ ስትናገር በጆሮው እያስተረጎምኩ ነበር።

«ለደስታ ማለት?» አለኝ።

«ፈተና የለው፣ ጥያቄ የለው። ደስ እንዲላቸው ብቻ።»

«የእሷ ደስታ ነው የእኔ?»

ይኼን ደግሞ እንዴት ልጠይቅ ብዬ አፈርኩ። ግን ጠየቅኩለት። አስተማሪዋ ሳቀችና «የሁለታችሁም ነው እንጂ» አለች። ስነግረው ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ፋብሪካ ውስጥ አለቃው ሥራ ሲያዝዘው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሉን አላጠፈም።

የእኔ ሥራ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ እገባለሁ። እሱ የማለዳ ፈረቃ ስለሆነ አመሻሹ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ አፉላ ኢሊት ሰፈር ያለችው ሦስተኛ ፎቅ ቤታችን ውስጥ ልጁን ይዞ ይቀመጣል። እረፍት በሆንኩባቸው ምሽቶች ወጥ ቤት ሆኜ እሰማቸው ነበር። መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። ቀጥሎ መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ሽፋኑን ይስማል። እንደዚያ ነው ያደገው፤ በእሱ አገር መጽሐፍ ማለት ሰው ቆሞ የሚሰማው፣ በንጹሕ እጅ የሚነካ የእግዚአብሔር ቃል ነው። ሽፋኑ ላይ ኮፍያ ያደረገ ዝንጀሮ ቢኖርም ይስመዋል። ልጂቱ በሳቅ ትፈርሳለች።

«አባ፣ ዜ ሎ ሲዱር! የጸሎት መጽሐፍ አይደለም እኮ!»

«ምን ቸገረሽ፣ ዝንጀሮውም ቢሳም ደስ ይለዋል» ይላታል።

ሲያነብ ጣቱን ከፊደሉ ሥር አድርጎ ነው፣ አንድ ቃል ለቅሞ ሌላውን እስኪለቅም ድረስ ወጥ ይፈላል። ሌላ ልጅ ብትሆን ትሰለች ነበር። የእኔዋ ግን ያንን ክፍተት መጫወቻ አደረገችው። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሊደርስ ሲል ቀልጠፍ ብላ የቀረውን ከራሷ ፈጥራ ትሞላዋለች። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠና... ይላል እሱ፣ ቀጣዩን ቃል እየፈለገ። «ፒዛ አዘዘ!» ትላለች። «ቆይ አንቺ፣ ገና አልደረስኩም» ይላል። ሲደርስ ፒዛ የለም፤ ግን ሁለቱም እየሳቁ ስለሆነ የመጽሐፉን ቃል የሚሰማው የለም። እየቆየ ሲሄድ እሱም ብልጥ ሆነ። የሚያውቀው ቃል ላይ እንኳ ሆነ ብሎ ቆም ይልላታል።

አማቴም ሁልጊዜ ከሶፋው ጫፍ ላይ ነበሩ። ዕብራይስጥ አንድም አያውቁም። ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ሲስቁ ግን አብረው ይስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ ነው «ምን አለ ደግሞ?» ብለው የሚጠይቁት። እሱም በአማርኛ ይመልስላቸዋል፤ እንደ ገና ይስቃሉ። በዚህ አካሄድ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ለማለቅ ወራት ይፈጅባታል።

እኔም ልሞክር ብዬ አንዳንድ ቀን ወስጄ አነብላታለሁ። ቀጥ አድርጌ፣ ሳልደናቀፍ፣ ድምፄን አሳምሬ። አንድ ጊዜ «ኢማ፣ አንቺ እንደ ዜና ነው የምታነቢው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከፍቶኛል። ለእኔ የምትሞላልኝ ክፍተት አልነበረም።

ሦስተኛ ክፍል ሆና የጃርቱን መጽሐፍ ጀመሩ። ዓርብ ጠዋት፣ ባሌ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ አብረው መሀል ከተማ ወርደው የገዙት ነው። ፀጉሩን ሊቆረጥ ፀጉር ቤት ስለሄደ ጃርት ነው ታሪኩ። ቆራጩ እሾሁን አይቶ ይሸሻል፣ የሌላው መቀስ ይሰበራል፣ ሦስተኛው የአትክልት መቁረጫ ሊያመጣ ይሄዳል። አማቴ ይኼን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ በነጋታው ጎረቤት ጠርተው ጃርቱን ራሳቸው ተረኩት። ከመሀሉ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ፣ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ አማቴ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ድንኳኑ ሕንጻችን ሥር ተተከለ። ዘመድ ከነታንያ፣ ከሐዴራ፣ ከደቡብም ጭምር በአውቶቡስ እየተጫነ መጣ። የፕላስቲክ ወንበሩ አልበቃ አለ። ባሌና ታላቅ እህቱ፣ እንደ ደንቡ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ የሟቿን ደግነት እያነሱ ያለቅሳሉ፣ የመጣው ሁሉ ይቀበላል። በዚህ መሀል ልጅ የሚያስታውስ ማን አለ? እኔ ሳህን አነሳለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፣ መጪውን እያቀፍኩ አለቅሳለሁ። ልጂቱ ከተደረደሩት ወንበሮች ኋላ እንደ ተቀመጠች አውቃለሁ፤ ምን እንደያዘች ግን አላየሁም።

ሙሾ የምታወርደዋ ሴት ትንፋሽ ልትወስድ ፋታ አደረገች። ድንኳኑ ጸጥ ያለው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር። በዚያች ቅጽበት ልጄ ሳቀች።

ከት ብላ ነው የሳቀችው፣ ከሆዷ። አንገቴን ዞር ሳደርግ የጃርቱን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ አየኋት። ያለ አባቷ፣ ያለ አያቷ፣ ብቻዋን እያነበበች፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ በፊት ብቻዋን አንብባ ስቃ አታውቅም። አስተማሪዋ ስትመክረን የነበረው፣ ባሌ ደክሞት እንኳ ያልተወው፣ ያ ሁሉ ምሽት የተጠበቀው ነገር ይኸው መጣ፤ መጽሐፍ ልጄን ብቻዋን አሳቃት። እልል ብል ደስ ባለኝ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

«ወይ ጉድ! በአያቷ ለቅሶ ትስቃለች?» አለች የባሌ እህት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ባሌ ከፍራሹ ተነሣ። ሐዘንተኛ ለማንም አይነሣምና ይኼም ራሱ ሌላ ጉድ ሆነ። ወደ ልጂቱ ሄደ። ይመታታል ብዬ ሳህኑን ጣልኩት። አልመታትም፤ አልተቆጣትምም። ግንባሯ ላይ የወደቀውን ፀጉር መለስ አደረገላት፣ መጽሐፉን ከጭኗ አነሣ፣ ተመልሶ ከፍራሹ ሥር ሸጎጠውና ተቀመጠበት። ለቅሶው ቀጠለ። ልጄ እስኪመሽ ድረስ ዓይኗን ከፍራሹ ላይ አላነሣችም።

ሰባቱ ቀን አልቆ ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት፣ ባሌ ከሥራ ሲመለስ ልጂቱ መጽሐፉን ይዛ ሶፋው ላይ ጠበቀችው። እጇን ታጥባ ነበር፤ ያንን መቼም አልረሳውም። ጎኗ ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ግን አልተቀበላትም።

«አሁን አይሆንም የኔ ልጅ። ሐዘን ላይ ነኝ።»

«አዝ ማታይ? መቼ ታዲያ?»

«የአያትሽ ዓመት ሲወጣ።»

እሷ ዓመት ስንት እንደሆነ ያላወቀች ይመስል ወደ እኔ አየች። እኔ ልጂቱ እስክትተኛ አልጠበቅሁም።

«አንተ ሰው፣ መጽሐፍ ዘፈን ነው እንዴ? ሠርግ ነው?» አልኩት። «ሐዘንተኛ ሠርግ አይሄድም፣ ሙዚቃ አይሰማም፣ እሺ። ለልጁ ተረት አያነብም የሚል ከየት መጣ?»

«አስተማሪዋ ምን አለች?» አለኝ ረጋ ብሎ። «ያስተረጎምሽልኝ አንቺ ነሽ። ለደስታ ነው አላለችም? የሁለታችሁም ነው አላለችም?»

ከዚህ ሰው ጋር መከራከር እንደማይሆንልኝ ስለማውቅ በማግስቱ እግሬን አንሥቼ ወደ ማኅበረሰባችን ቄስ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ብዙም አይርቅም።

«አባ፣ ባሌ እንዲህ ብሎ ልጄን ንባብ ከለከለብኝ» አልኳቸው።

ቄሱ ጊዜም አልወሰደባቸው። «ልጅ ማስነበብ ትምህርት ነው ልጄ። ትምህርት በሐዘን አይከለከልም። ያንብብላት በይው፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ እየበረርኩ ተመለስኩ። ባሌ ቃሉን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ቄሱ እውነታቸውን ነው» አለ። «ለሚያስተምር ሰው አይከለከልም። እኔ ግን ሳስተምራት ነበር? ራሴን አውቀዋለሁ እኮ። ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ስቆም የማስበው ያንን ሰዓት ነበር። በዚህ አገር ለእኔ ያለኝ ደስታ እሱ ነው። ታዲያ ለእናቴ ምኑን ልተውላት? ሙዚቃ ልተው? ሙዚቃ መች እሰማለሁ?»

«እናትህ ራሳቸው አብረዋችሁ ይስቁ አልነበረም?» አልኩት።

«እሱ ነዋ!» አለ። «እማዬ ሳትስቅ እኔ ልስቅ?»

ክፉ ሰው ቢሆን እጣላው ነበር፤ ሰነፍ አባት ቢሆን እሰድበው ነበር። ከደግነቱ ጋር በምን ልጣላ? እሱ ለእናቱ ያለውን ምርጡን ሰጠ። የሰጠው ነገር ግን የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የልጄ ነበር። ይኼን ብነግረው ይገባዋል፤ ይገባውና ደግሞ ሁለት ሐዘን ይሆንበታል ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ያ ዓመት እንዴት ረጅም ነበር! መጀመሪያ ሰሞን ልጂቱ አመሻሽ ላይ ሄዳ ጎኑ ትቀመጥ ነበር። ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል፤ እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ እሷም እንደዚያው። «አባ፣ አለቀ?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል። ትምህርት ቤት ስለዋለችበት ይጠይቃታል፣ ብርቱካን ይልጥላታል፣ ሌላ ሌላውን ሁሉ ያደርግላታል። ቆይቶ ጥያቄው በሳምንት አንዴ ሆነ፤ ከዚያ በበዓል በበዓል ሆነ። የተወችው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ልጅ አንድን ነገር ሲተው አስታውቆ አይተውም።

እኔ እረፍት በሆንኩ ቁጥር ሞከርኩ። ቀስ ብዬ ለማንበብ፣ ቆም ለማለት፣ እንደ እሱ ለመደናቀፍ ሁሉ ሞከርኩ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ሆና ትሰማኝ ነበር። እየተደናቀፍኩ ማስመሰሌን ደግሞ ታውቅብኛለች፤ «ኢማ፣ ዳይ፣ በቃሽ» ትለኛለች። በዚያው ዓመት፣ ሁለታችንም ሥራ ስንውል እንድትደውልልን ብለን ስልክ ገዛንላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ባሌም ተጎድቷል። ዓርብ ጠዋት መሀል ከተማ አብረን ስንወርድ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። አንድ ምሽት ከሥራ ገብቼ ሳየው፣ ጃርቱ የተቀመጠበትን መደርደሪያ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጸሎት እያደረገ ነው ብዬ አልፌው ገባሁ።

ዓመቱ ወጣ። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጸሎቱ ተደረገ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። በማግስቱ ባሌ ከሥራ ሲመለስ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ገባ። ፊቱ የሙሽራ ፊት ሆኗል። እኔ ዕረፍት ነበርኩ፤ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። እጁን ሲታጠብ ውኃው ሲወርድ ሰማሁ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ሽፋኑን ሳመ። ሶፋው ላይ የድሮ ቦታው ተቀምጦ ልጁን ጠራት።

መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ ከጆሮዋ አንዱን ማዳመጫ አውጥታ። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ባሌ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ሳቅ እያለ።

«አለቀ» አላት።

ምኑ እንዳለቀ ወዲያው አልገባትም። መጽሐፉን ስታይ ገባት።

«አባ፣ ዜ ልክታኒም» አለች። «ለትናንሾች ነው እኮ።» ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም እንዳይከፋው ብላ ድምጿን አለስልሳ ነው።

«እሺ፣ ይሁን» አለ ባሌ። «መጨረሻውን ብቻ ንገሪኝ። እኔ አልደረስኩበትም። አንቺ ያን ቀን ጨርሰሽዋል፣ ስቀሽበታል። ምን ሆነ ጃርቱ?»

ልጄ ለማስታወስ ሞከረች። ይኼን እመሰክርላታለሁ፤ ግንባሯን ቋጥራ፣ ኮርኒሱን አይታ፣ የእውነት ሞከረች። እኔ ቢላዋውን ይዤ «አስታውሽ፣ እባክሽ አስታውሽ» እላለሁ በልቤ።

«ሎ ዞኸሬት» አለች። «አላስታውስም አባ።»

ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ሌላ ነገር ሳይላት ሲቀር ማዳመጫውን መልሳ ወደ ክፍሏ ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ባሌ መጽሐፉን ያቋረጡበት ቦታ ላይ ከፈተው። ጣቱን ከፊደሉ ሥር አደረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለብቻው፣ ማንበብ ጀመረ። ጃርቱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ቆራጩ መስተዋቱን ዞር አድርጎ ያዘለት። ጃርቱም ራሱን በመስተዋቱ አየና እንዲህ አለ...

ቆም አለ። ቃሉ ጠፍቶት አልነበረም። እንደ ድሮው ሆነ ብሎ የተወው ክፍተት ነበር፤ ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አንድ ነገር ልልለት አፌን ከፈትኩ፤ ፒዛ፣ ኮፍያ፣ የመጣልኝን ሁሉ ልልለት። ግን የሚጠብቀው የእኔን ድምፅ አልነበረም። ከውስጠኛው ክፍል ምንም አልተሰማም።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ጨረሰው።